ከሩንዳ በር እስከ ባንዳ ጎዳና፦ ናይሮቢን በአንድ ቀን የማንበብ ጉዳይ

ስለ ናይሮቢ የሚጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎች አብዛኛዎቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ተጓዡ ማለዳ ተነሥቶ በከተማይቱ ጥግ ባለው ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ ሲፈልግ ያረፍዳል፤ እኩለ ቀን ላይ ቀጭኔ በእጁ ያጎርሳል፤ ከሰዓት በኋላ የዴንማርካዊቷን ደራሲ የካረን ብሊክሰንን ቤት ጎብኝቶ የንጎንግን ኮረብቶች ከሩቅ ያያል፤ ሲመሽ ጥብስ ሥጋ በልቶ ይተኛል። በማግሥቱም «ናይሮቢን አየሁ» ብሎ ይጽፋል። ስለ አራዊቱ የጻፈው እውነት ሊሆን ይችላል። ስለ ከተማይቱ ግን የጻፈው ነገር የለም፤ በዚያ ሁሉ ሰዓት ውስጥ አንድም ናይሮቢያዊ ሲያነብ፣ ሲማር ወይም ወደ ሥራው ሲጓዝ አላየምና።

ይህ ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ ማስታወሻ መልስ የሚሆን ሌላ የአንድ ቀን መንገድ ያመለክታል። መንገዱ ሦስት ማረፊያዎች አሉት፤ አንድ ቤተ መጻሕፍት፣ አንድ ዩኒቨርሲቲና ሁለቱን ከመኖሪያ ሰፈራችን ጋር የሚያገናኘው የሕዝብ ማመላለሻ፣ ማለትም ማታቱ። ሦስቱንም እንደ ጎብኚ ከማድነቅ ይልቅ አንድ ሐያሲ መጽሐፍ እንደሚመረምር ብንመረምራቸው፣ ማን እንደጻፋቸው፣ ለማን እንደተጻፉና ምን እንደደበቁ ብንጠይቅ፣ የከተማይቱን ታሪክ ከአስጎብኚ ወረቀቶች ይልቅ በግልጽ ይነግሩናል። (በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄው ለእኛ በሩንዳ አካባቢ ለምንኖር አማርኛ አንባቢዎች ይበልጥ ይከብዳል። ሩንዳ ቀድሞ የቡና እርሻ የነበረ፣ ዛሬ ግን በአጥር፣ በዘበኛና በመዝጊያ የተከለለ ሰፈር ነው። አጠገቡ ጊጊሪ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግቢ አለ፤ በሌላው ወገን የካሩራ ደን ይዋሰነዋል። ከዚህ የሚነሣ ሰው በግል መኪና ወደ ሥራው ሄዶ፣ በግል መኪና ወደ ገበያ አዳራሹ ጎራ ብሎ፣ በግል መኪና ሊመለስ ይችላል። አሥር ዓመት እንዲህ ኖሮ ናይሮቢ ውስጥ አልኖርኩም ቢል ሐሰት አይባልም። «ካገሩ የወጣ አገሩ እስኪመለስ፣ ቢጭኑት አህያ ቢለጉሙት ፈረስ» የሚለው ብሂላችን የስደተኛውን መከራ ይናገራል። ያልተጫነውና ያልተለጎመው፣ በአጥር ውስጥ ተመችቶት የሚኖረው እንግዳ ስላለበት ዕዳ ግን ብሂሉ ምንም አላለም። ያ ዕዳ የተቀበለውን ከተማ ማወቅ ነው።

ከቤተ መጻሕፍቱ እንጀምር። በመሐል ከተማ፣ በባንዳ ጎዳና፣ ከጃሚያ መስጊድ አጠገብ የማክሚላን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ከፊቱ ረጃጅም ዓምዶች ተደርድረዋል፤ ደረጃውን ግራና ቀኝ ሁለት የድንጋይ አንበሶች ይጠብቁታል። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው አንበሳ በሕዝብ ሕንፃ ፊት ማየት አይደንቀውም። በብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለው አንበሳ ግን የራሳችንን ታሪክ እናገራለሁ ብሎ የቆመ ነው፤ የባንዳ ጎዳናዎቹ አንበሶች የቆሙት ለሌላ ሰው ታሪክ ነው። ሕንፃው በ1931 የተከፈተው ሌዲ ሉሲ ማክሚላን በ1925 ለሞቱት ባለቤታቸው ለሰር ዊልያም ኖርዝረፕ ማክሚላን መታሰቢያ እንዲሆን ስላሠሩት ነው።

የዚህን ሰው ስም ኢትዮጵያዊ አንባቢ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይገባም። ማክሚላን በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ የተወለደ ባለጸጋና አዳኝ ነበር። ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ ሰፊ መሬት ይዞ ከመደላደሉ አስቀድሞ፣ በ1903፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ዓባይን ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በጀልባ ወደ ሱዳን ለመውረድ ሞክሯል። ጉዞው ገና በጅምሩ ከሸፈ፤ ጀልባዎቹን የዓባይ ፏፏቴና አለት ሰባበራቸው። በእኛ ወንዝ ያልቀናው ሰው በኬንያ ምድር ቀናው። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ በናይሮቢ መሐል ቆሞ ስሙን በሕንፃ ላይ ሲያነብ፣ ድንጋይ ላይ የሚጻፈው የትኛው የታሪክ ክፍል እንደሆነና የትኛው እንደሚቀር ለማሰብ ጥሩ አጋጣሚ ያገኛል።

ቤተ መጻሕፍቱ ከተከፈተ በኋላ ለሃያ ሰባት ዓመታት፣ እስከ 1958 ድረስ፣ አንባቢዎቹ አውሮፓውያን ብቻ ነበሩ። ድንጋዩን የጠረበውና ወለሉን የሚጠርገው ሰው መጽሐፉን መክፈት አይፈቀድለትም ነበር። በኋላ የከተማው ምክር ቤት ተረከበውና በሩ ለሁሉም ተከፈተ። ሕንፃው በስሙ የወጣ የራሱ ሕግ ስላለው ለሌላ አገልግሎት እንደዋዛ ሊውል አይችልም፤ በመሬት ዋጋ ምክንያት አሮጌ ቤት ሁሉ በሚፈርስበት ከተማ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ነገር ግን ሕግ ግድግዳን እንጂ መደርደሪያን አያድስም። በር መክፈት አንድ ሥራ ነው፤ በገባው አንባቢ ልክ መጻሕፍት ማሟላት ሌላ ሥራ ነው። ለነጭ ሰፋሪዎች ተመርጦ የተከማቸ የመጻሕፍት ስብስብ ባለቤት በመለወጡ ብቻ የአፍሪካውያን ስብስብ ሊሆን አይችልም።

ይህን ጉድለት በቃል ከመውቀስ አልፈው በእጅ የያዙት ሁለት የናይሮቢ ሴቶች ናቸው። ደራሲዋ ዋንጂሩ ኮይናንጌና በኅትመት ሥራ የቆየችው አንጄላ ዋቹካ በ2017 ቡክ ባንክ የተባለ ድርጅት መሥርተው፣ ከከተማው አስተዳደር ጋር ተስማምተው፣ ማክሚላንንና ሁለት ቅርንጫፎቹን የማደስ ሥራ ጀመሩ። ቅርንጫፎቹ በካሎሌኒና በማካዳራ፣ ማለትም በምሥራቁ የሠራተኛ ሰፈሮች የሚገኙ ናቸው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የቅደም ተከተሉ ነገር ነው። ታድሰው ቀድመው ለአንባቢ የተመለሱት ዓምድና አንበሳ የሌላቸው የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ለሐያሲ ዐይን ይህ ከማንኛውም የምረቃ ንግግር የበለጠ ትርጉም አለው። ማክሚላን የመታሰቢያ ሕንፃ ነው፤ ካሎሌኒ ግን ከትምህርት ቤት የተመለሰ ልጅ የቤት ሥራውን የሚሠራበት ክፍል ነው። አንድ ከተማ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ግን የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው። ተጓዡም ወደ ባንዳ ጎዳና ከማምራቱ በፊት ቤቱ ለአንባቢ ክፍት የሚሆንበትን ቀን ይጠይቅ፤ ዝግ ሆኖ ቢያገኘው እንኳ ጉዞውን ወደ ምሥራቅ አቅጣጫ ቢያዞረው አይከስርም።

ከቤተ መጻሕፍቱ ወደ ዩኒቨርሲቲው በእግር መሄድ ይቻላል። በሙኢንዲ ምቢንጉ ጎዳና ሲጓዙ የከተማው ገበያ አዳራሽ ይታለፍና የጄቫንጂ መናፈሻ ይደረሳል። መናፈሻውን ሕንዳዊው ነጋዴ አ. ም. ጄቫንጂ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለከተማይቱ ሕዝብ የሰጠው ነው። ዛሬ ሥራ ፈላጊው፣ ሰባኪውና ፖለቲካ አዋቂው እዚያ ተሰብስቦ ይከራከራል፤ ተከራካሪዎቹ ራሳቸውን «የሕዝብ ፓርላማ» ብለው ይጠራሉ። የመጽሐፍ ቤት በር በተዘጋበት ዘመን ንባብን የተካው የቃል ሸንጎ ይህን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም። ከዚህ ጥቂት እርምጃ አለፍ ሲባል የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይገኛል።

ዩኒቨርሲቲው በ1956 በንጉሣዊ የቴክኒክ ኮሌጅነት በሩን ከፈተ፤ ኬንያ ነፃ ስትወጣ የምሥራቅ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ አካል ነበር፤ በ1970 ራሱን የቻለ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ይህ የመማሪያ መጻሕፍት ታሪክ ነው። ከዚህ የሚበልጠው በመስከረምና በጥቅምት 1968 የሆነው ነው። ያን ጊዜ ሄንሪ ኦውር አንዩምባ፣ ታባን ሎ ሊዮንግና ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል ይፍረስ የሚል አጭር ጽሑፍ አቀረቡ። ጥያቄያቸው ቀላል ነበር፤ ናይሮቢ ላይ ሆኖ ሥነ ጽሑፍ የሚያጠና ሰው ስለምን ከለንደን ይጀምራል? የራሱ ሕዝብ ተረት፣ ዘፈንና ድርሰት መካከል ላይ ሆኖ፣ የካሪቢያኑ፣ የአሜሪካው፣ የአውሮፓው ከዚያ በርቀቱ መጠን ቢከተል ምን ይጎድላል?

በእኛ ቋንቋ «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» ማለት ይህ ነው። ጽሑፉ በመሳቢያ ውስጥ አልቀረም። የእንግሊዝኛ ክፍሉ ስሙንም ይዘቱንም ለውጦ የሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ሆነ፤ ሥነ ቃል ከድርሰት እኩል የጥናት መስክ ሆነ፤ ነገሩም ከጊዜ በኋላ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ወረደ። ታባን ሎ ሊዮንግ ገና በ1965 ምሥራቅ አፍሪካ የሥነ ጽሑፍ ምድረ በዳ ሆናለች ብሎ አማርሮ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ምድረ በዳው ዝናብ ከማጣት ይልቅ የተዘራውን ባለማየት የመጣ መሆኑን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ አሳየ።

እዚህ ላይ ብዙ ኢትዮጵያውያን አንባቢዎች አንድ የተለመደ መልስ አለን፤ «ይህ ቅኝ የተገዙት ሰዎች ጣጣ ነው፤ እኛ የራሳችን ፊደል፣ የራሳችን ቅኔ፣ የራሳችን ድርሰት አለን» እንላለን። ግማሹ እውነት ነው። የአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሥራ ሲጀምር ግን የማስተማሪያ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነበር፤ ያን ጊዜ ያስገደደን ገዢ አልነበረም። ናይሮቢ በ1968 የጠየቀችውን ጥያቄ እኛ ነፃ ነን በሚል ኩራት ሳንጠይቀው ያሳለፍነው ዘመን ቀላል አይደለም። ፊደል መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ፊደል ሕክምናን፣ ሕግንና ምሕንድስናን ማሰብ ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝኛን መማር ይጎዳል የሚል ክርክር አላነሣም፤ ሦስቱ መምህራንም አላነሡም። እነርሱ የጠየቁት መካከሉ የት ነው ብለው ነበር፤ እኛም ከዚህ ጥያቄ ነፃ አይደለንም።

ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ጥያቄውን ከዩኒቨርሲቲው ግቢ አውጥቶ ወደ ገጠር ይዞት ሄደ። በ1977 ከንጉጊ ዋ ሚሪ ጋር የጻፈው የጊኩዩ ቴአትር በሊሙሩ አቅራቢያ በካሚሪቱ መንደር፣ በገበሬዎችና በሠራተኞች ተዋናይነት ለሕዝብ ታየ። ብዙም ሳይቆይ ታገደ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ደራሲው ያለ ፍርድ ታሠረ። በካሚቲ እስር ቤት ሆኖ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ በጊኩዩ የጻፈው ልብ ወለድ «ዲያብሎስ በመስቀል ላይ» በ1980 ታተመ። ከእስር ሲፈታ የዩኒቨርሲቲ ወንበሩ አልተመለሰለትም፤ ካሚሪቱ የነበረውም የቴአትር ስፍራ በ1982 በመንግሥት ኃይል ፈረሰ። ንጉጊ በግንቦት 2025 በስደት በኖረባት በአሜሪካ አረፈ። ዩኒቨርሲቲን መውቀስ የሚፈልግ ሐያሲ ወቀሳውን ከዚህ ይጀምር፤ ያ ግቢ ጥያቄውን ወለደ፣ ጠያቂውን ግን አልጠበቀም።

ከሩንዳ በር ፊት የሚያልፈው የሊሙሩ መንገድ፣ ወደ ላይ ቢቀጥሉበት፣ በሩዋካና በባናና አልፎ ወደዚያው ወደ ሊሙሩ ያወጣል። እኛ የትራፊክ መጨናነቁን የምናማርርበት መንገድ የአንድ ሥነ ጽሑፍ የትውልድ ሐረግ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ሦስተኛው ማረፊያችን፣ ማታቱው ይጓዛል።

ማታቱ የሚለው ስም የመጣው «ሦስት» ከሚለው ቃል ነው፤ በጥንት ጊዜ ዋጋው ሠላሳ ሳንቲም፣ ማለትም ሦስት ባለአሥር ሳንቲም ነበርና። ከተማይቱ ከ1934 ጀምሮ የአውቶቡስ አገልግሎት ነበራት፤ አውቶቡሱ የማይደርስባቸው ሰፈሮች ሲበዙ ግን ፈቃድ የሌላቸው ታናናሽ መኪናዎች ሕዝቡን ማመላለስ ያዙ። በ1973 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ ያለ ሕዝብ ማመላለሻ ፈቃድ እንዲሠሩ ፈቀዱላቸው፤ በዚያ ቀን የመንግሥት ኃላፊነት የነበረው ሥራ በከፊል ለግለሰቦች ድፍረት ተተወ። በየካቲት 2004 በሥራ ላይ የዋለው፣ በሚኒስትሩ በጆን ሚቹኪ ስም የሚጠራው ደንብ ተሳፋሪን በወንበር ልክ ወሰነ፤ የወንበር ቀበቶ፣ የፍጥነት መገደቢያ፣ የሠራተኛ ደንብ ልብስና ቢጫ ቀለበት አስገደደ። በመኪናው ገላ ላይ የነበረው ሥዕልም ለጊዜው ጠፋ። በኋላ ክልከላው ሲላላ ሥዕሉ ይበልጥ ደምቆ ተመለሰ።

ስለ ማታቱ ሥዕል ሁለት ዓይነት ጽሑፍ ይጻፋል። አንደኛው ጩኸትና ሥርዓት አልባነት ብሎ ያወግዘዋል። ሁለተኛው የወጣቱ ነፃ ጥበብ ብሎ ያመልከዋል። ሁለቱም መኪናው የሚንቀሳቀስበትን ምክንያት አይጠይቁም። ሾፌሩና ረዳቱ አብዛኛውን ጊዜ ለባለቤቱ በቀን የተቆረጠ ገንዘብ ያስገባሉ፤ የሚተርፈው የእነርሱ ነው። ስለዚህ ሾፌሩ መሽቀዳደሙ፣ ረዳቱ ዝናብ ሲጥል ዋጋ መጨመሩ፣ መኪናው በአንበሳም በእግር ኳስ ተጫዋችም ማሸብረቁ አንድ ምንጭ አላቸው። ሥዕሉ ተሳፋሪ መጥሪያ ነው። ይህን ማወቅ ጥበቡን አያሳንሰውም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም ደመወዝ ይቀበል ነበር። ነገር ግን በኅዳር 2014 የናይሮቢ ሴቶች «ልብሴ ምርጫዬ» ብለው አደባባይ የወጡት አንዲት ሴት በማታቱ ማቆሚያ ልብሷ ስለተገፈፈ መሆኑን የማያስታውስ አድናቆት ግማሽ ሒስ ነው። ያ ማቆሚያ ለሁሉም እኩል ክፍት አይደለም፤ በዚህ ረገድ ከ1958 በፊት ከነበረው ቤተ መጻሕፍት ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ።

ይህም ሆኖ ማታቱ ዩኒቨርሲቲው ያልፈታውን አንድ ነገር ፈትቷል። በውስጡ የሚነገረው ሼንግ ከኪስዋሂሊ፣ ከእንግሊዝኛ፣ ከጊኩዩ፣ ከሉዎና ከሌሎችም የተቀላቀለ፣ በምሥራቅ ሰፈሮች የተወለደ የወጣት ቋንቋ ነው። ማንም ኮሚቴ አላጸደቀውም፤ መካከሉ ግን ናይሮቢ ነው። የአዲስ አበባን ወያላ ጥሪ ሰምቶ ያደገ ሰው የናይሮቢውን ረዳት አጠራር ሲሰማ፣ ቃሉ ባይገባው ዜማው ይገባዋል።

ንጉጊም ይህን ያውቅ ነበር። «ዲያብሎስ በመስቀል ላይ» ውስጥ ዋነኞቹ ገጸ ባሕርያት የሚገናኙት በመማሪያ ክፍል አይደለም፤ ከናይሮቢ ወደ ኢልሞሮግ በሚሄድ አሮጌ ማታቱ ውስጥ ነው። ሠራተኛው፣ ገበሬዋ፣ ሥራ ያጣችው ጸሐፊ፣ ነጋዴውና የዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይከራከራሉ። ከሁሉም መካከል አፉ የሚያዝበት የተማረው ነው፤ በእናቱ ቋንቋ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይሰናከላል። መጽሐፉ ከታተመ በኋላም በየቤቱ፣ በመጠጥ ቤቱና በአውቶቡሱ ውስጥ ጮክ ተብሎ ይነበብ እንደነበር ደራሲው ራሱ መስክሯል። ስለዚህ የሦስቱ ማረፊያዎች ግንኙነት በእኔ የተፈጠረ አይደለም። ቤተ መጻሕፍቱ ማን ያንብብ የሚለውን፣ ዩኒቨርሲቲው ምን ይነበብ የሚለውን፣ ማታቱው በምን ቋንቋና ከማን ጋር የሚለውን ጥያቄ ይዘው ቆይተዋል፤ አንድ ልብ ወለድ ሦስቱንም በአንድ መኪና አሳፈራቸው።

የአንድ ቀን ተጓዥ ከዚህ ምን ይዞ ይመለስ? «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፣ ፎቶግራፍ ብቻ ይዞ ከተመለሰ ቀኑ ባክኗል። ነዋሪው ደግሞ የባሰ ዕዳ አለበት። ልጆቻችን በዚህች ከተማ በእንግሊዝኛ ይማራሉ፤ አማርኛን በቤት ይሰማሉ፤ ኪስዋሂሊን ከሠራተኛዋና ከዘበኛው ይለቅማሉ። መካከላቸው የት እንደሆነ የሚነግራቸው ሰው ከሌለ፣ የንጉጊ ተመራማሪ ዕጣ ይደርሳቸዋል፤ በሦስት ቋንቋ ጀምረው በሦስቱም ይሰናከላሉ።

በመሆኑም ማኅበሮቻችን በየበዓሉ ለአዳራሽና ለድግስ ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሰው፣ የአማርኛ የልጆች መጻሕፍት ገዝተው ለአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ማቅረብን ቢመክሩበት ከባድ ነገር አይደለም። መጻሕፍቱ በሩንዳ አጥር ውስጥ ባለ ሳሎን ከሚቀመጡ ይልቅ፣ የኬንያዊው ልጅም የእኛውም ልጅ እኩል በሚገባበት መደርደሪያ ላይ ቢቆሙ ይሻላል። ያን ጊዜ ልጆቹን በቅዳሜ ጠዋት ወደዚያ መውሰድ ይኖርብናል። በማታቱ ብንወስዳቸው ደግሞ መንገዱም ትምህርት ይሆናቸዋል።